የጌዲዮን የውሃ ጓደኛ

ጠጋ በሉ፤ ጠጋ ጠጋ በሉ። ከዳር የተቀመጣችሁትም ወደ እሳቱ ቅረቡ። ነፋሱን ተዉትና እኔን ስሙኝ።

ድሮ ነው። እኩለ ሌሊት አልፏል፣ ጨረቃ የለችም፤ ዓይን ቢወጉ የማይታይ ጨለማ! በቦይ ዳር፣ በአንዲት ቀጭን መንገድ አንድ ጎረምሳ አካፋ ተሸክሞ ብቻውን ይሄዳል። ለምን ብቻውን? ቆዩ፣ እነግራችኋለሁ።

ስሙ ጌዲዮን ነው። ከተሜ ነው፤ የልብስ ሰፊ ልጅ። በእንግድነት የመጣበት መንደር ደግሞ አማኞች ተሰባስበው አብረው የሚጸልዩበት፣ አብረው የሚያርሱበት መንደር ነው። እንግዳ ሲመጣ ከማሳው በታች፣ ወንዙ ዳር ድንኳን ይተክሉለታል። እንደ እናንተ ላለው እንግዳ ማለቴ ነው! ጌዲዮን ግን አየር ሊቀይር አልመጣም። የሽማግሌውን የአቶ ዳሳን ልጅ፣ ሊድያን ወዶ ለጋብቻ ሊጠይቅ ነው የመጣው።

"ልጄን?" አሉት አቶ ዳሳ፣ ከላይ እስከ ታች እያዩት። "ይሁን። የዛሬው ሌሊት የውሃ ተራ የኛ ነው። ሲነጋ ሽንኩርቱ ጠጥቶ ካገኘሁት እንነጋገራለን። ደርቆ ካገኘሁት ግን መኪና አትጠብቅ፣ በእግርህ ሂድ።"

በዚያ መንደር ውሃ የሚያጠጣ ሰው ሁልጊዜ ሁለት ነው። አንዱ የቦዩን አፍ ይከፍታል፣ ሌላው ታች ሆኖ የሞላውን መደብ ይዘጋል። ሲጨርሱ እጅ ለእጅ ተያይዘው አንዱ ይጸልያል፣ ሌላው አሜን ይላል። አሜን ካልተባለ ሥራው አላለቀም። ለጌዲዮን የተሰጠው ጓደኛ የሊድያ ወንድም ሲላስ ነበር። ጌዲዮን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? "አንተ ተኛ ሲላስ፣ እኔ እበቃለሁ" አለው። ምስጋናውን ለብቻው ሊወስድ! ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም። ሲላስም እንቅልፍ ይወዳል፤ ተኛ።

እንግዲህ ጌዲዮን ይሄዳል። ይሄዳል። ከኋላው ቸፍ አለ። ቆመ፤ ድምፁም ቆመ። ሄደ። ቸፍ፣ ቸፍ። ቆመ፤ ድምፁም ቆመ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እሱ አንገቱን ቀብሮ መንገዱን ቀጠለ።

የቦዩን አፍ ሲከፍት፣ ታች ከሽንኩርቱ መሃል አንድ ሰው ሲያስል ሰማ። አየ። ከጨለማው የባሰ የጠቆረ፣ የጎበጠ ጥላ ነው፣ አካፋ ይዟል።

"ሲላስ! አስደነገጥከኝ እኮ! እንቅልፍ እምቢ አለህ?"

"እህ" አለ ጥላው።

የጌዲዮን ነፍስ መለስ አለች። እሱ ሲከፍት ያኛው ሲዘጋ፣ ውሃው መደቡን እየሞላ ወረደ። ጌዲዮን ስለ ሊድያ አወራ፤ ስለ ዓይኗ፣ ስለ ሳቋ፣ ስለሚወልዷቸው ልጆች ስም ሳይቀር። ያኛው "እህ" ይላል። ለወንድሟ እንዲህ ይወራል? ፍቅር መቼ ሐፍረት ያውቃል!

ሥራው አለቀ። ጌዲዮን ግራ እጁን ዘረጋ፣ ያኛው ያዘው። እጁ ቀዝቃዛ ነው፣ ጭቃ ነው። ውሃ ውስጥ ያመሸ እጅ መቼም አይሞቅም ብሎ ዓይኑን ጨፈነና ጸለየ። ጨርሶ ጠበቀ። ዝም።

"አሜን በላ፣ ሲላስ!"

ያን ጊዜ ከላይ፣ ከመንደሩ በኩል ፋኖስ ብቅ አለ። "ጌዲዮን!" አለ የሲላስ ድምፅ። "መጣሁልህ! ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

የጌዲዮን እጅ ግን አሁንም ተይዟል። እንዴት እንዳስለቀቀው አያውቅም። እግሬ አውጪኝ አለ!

ሲነጋ አቶ ዳሳ ማሳውን ዞሩ። "አንድ መደብ አልቀረም" አሉ። "ይሄ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ሲላስ አብሮህ ነበር?"

አዎ ቢል ሊድያን ያገኛል። ሲላስም በዓይኑ "አዎ በል" ይለዋል። ጌዲዮን ግን ልጅቷን በውሸት መውሰድ አስጠላው።

"የለም ጋሼ። ሲላስን ተኛ ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አገዘኝ። አሜን ግን አላለም።"

አቶ ዳሳ ቦዩ ዳር ቁጭ አሉ። እንባቸው መጣ።

"ያገዘህ ታላቅ ወንድሜ ነው" አሉ። "ከዓመታት በፊት፣ ሁለተኛ ሰው አያሻኝም ብሎ ሌሊት ውሃ ሊያጠጣ ብቻውን ወጣ። ጠዋት እዚህ ቦይ ውስጥ ሞቶ አገኘነው። በል፣ ስለ እውነትህ ልጄን ሰጥቼሃለሁ።"

የሠርጉ ቀን ጸሎት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ሊድያ የጌዲዮንን ቀኝ እጅ ያዘች። መጋቢው ጸለዩ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ "አሜን!" አለ። ጸጥ ሲል ሊድያ ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር ሰማች። ዞር አለች። የጌዲዮን ግራ እጅ አየር ላይ ተጨብጦ ውሃ ያንጠባጥባል። ከዚያም በግራው በኩል፣ ማንም ከሌለበት፣ አንድ የጎረነነ ድምፅ ዘግይቶ መጣ፦

"አሜን!"

በሉ እንግዲህ፣ ወደየድንኳናችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውረዱ። ብቻውን የሚሄድ እንዳላይ! እጅ ለእጅ ከመያያዛችሁ በፊት ግን፣ መጀመሪያ የጓደኛችሁን ፊት በደንብ እዩ።