ቀዝቃዛው መኝታ ቤት

መርማሪ ኮሪና ስታብስ ወደ መኝታ ቤቱ ስትገባ ብርድ ወረራት። ውጭ የበረሃማዋ የቱሶን ከተማ የሐምሌ ፀሐይ አስፋልት ያቀልጣል፤ የቤቱ አየር ማቀዝቀዣ ግን ያለ ፋታ ይነፍሳል። ሽማግሌው ዌንደል ፕሩዊት አልጋቸው ላይ እንደተጋደሙ ሞተዋል። ሐኪሙ «ልብ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ምን ይገርማል?» ብሎ ቦርሳውን ዘጋ።

ኮሪና ዓይኗን ከራስጌው፣ ከማቀዝቀዣው መቆጣጠሪያ አጠገብ ካለው የቸኮሌት ሳሕን ላይ አልነቀለችም። ቸኮሌቶቹ ቀልጠው፣ እርስ በርስ ተጣብቀው፣ እንደገና ጠጥረዋል። ሽማግሌው ያለ እሱ የማይንቀሳቀሱት ባለ አራት እግር ምርኩዝ ደግሞ ኮሪደሩ ውስጥ ቆሟል።

«ይህን ምርኩዝ ከአልጋው ማን አራቀው?» አለች ኮሪና።

«እንጃ፤ ጠዋት ስመጣም እዚያው ነበር» አለች ሬሳውን ያገኘችው ልጃቸው ዳርላ። አላለቀሰችም። ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ግድግዳው ላይ ተደግፋለች።

«ያን ጊዜ ቤቱ ይሞቅ ነበር?»

«ኧረ እንዲህ እንደ አሁኑ ቀዝቃዛ ነበር።»

ከአባቱ ጋር የሚኖረው ወንድሟ ሮይስ ወጥ ቤት ቆሞ ነበር።

«ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ያውቃል?»

«ይሄ? እኔ ራሴ ነኝ የገጠምኩት። እንኳን ሊበላሽ አስነጥሶም አያውቅ! ይልቅ ያቺን የብድር ሴትዮ ይጠይቋት። አባዬን ነገ ልታስፈርመው ነበር እኮ።»

የብድር ባለሙያዋ ኦፓል ሬንሾ ተጠርታ መጣች።

«ምን ዓይነት ብድር ነው?»

«የተገላቢጦሽ የቤት ብድር እንለዋለን። ባንኩ ቤቱን መያዣ አድርጎ ለሽማግሌው ይከፍላል፤ ዕዳው የሚጠየቀው ሲሞቱ ወይም ቤቱን ሲለቁ ነው። ከእኔ በፊት ሁለት ባለሙያ አነጋግረዋል። ሁለቱም ያወሩላቸው ስለሚቀበሉት ገንዘብ ብቻ ነው።»

«እርስዎስ?»

«ወጪውን ነገርኳቸው። ኮሚሽኑን፣ የብድሩን መድን፣ የቤት ግምቱን፣ ወለዱ በየወሩ በራሱ ላይ እየተጫነ እንደሚሄድ። የቤቱን ግብርና መድንም ራሳቸው መክፈል እንዳለባቸው። በጥሞና ሰሙኝ።»

«ከዚያስ?»

ኦፓል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የቀረውን ነገረቻት። ኮሪና ራሷን ነቀነቀችና ወደ ጓሮ ወጣች። የመብራት ሳጥኑን ከፍታ አየች፤ እያንዳንዱ ማጥፊያ የትኛውን መስመር እንደሚያቋርጥ የሚገልጸውን ጽሑፍ ጊዜ በልቶታል። ተመልሳ በኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ልክ ነበር።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ቸኮሌቱ ቀልጦ የጠጠረው ማቀዝቀዣው ጠፍቶ እንደገና ስለበራ ነው። ሽማግሌውን የገደላቸው ሙቀት ነው። ምርኩዛቸው የራቀው ተነሥተው እንዳይወጡ ነው። መቆጣጠሪያው ራስጌያቸው ስለሆነ ገዳዩ ማቀዝቀዣውን ያጠፋው ከጓሮው ሳጥን ነው። ወይዘሮ ሬንሾ ሰውየው ከሞቱ ኮሚሽን አያገኙም፤ ሞታቸው አይጠቅማቸውም።»

«እኔንስ ለምን አልጠረጠሩኝም?» አለች ዳርላ።

«ሳጥኑ ላይ ጽሑፍ የለም። እርስዎ ቢሆኑ ማቀዝቀዣውን እስኪያገኙ አንዱንም ሌላውንም ያጠፉ ነበር፤ መብራት ከተቋረጠ ደግሞ የምድጃው ሰዓት ይዛባል። አልተዛባም። ያጠፋው ሰው በቀጥታ ትክክለኛዋ ማጥፊያ ላይ ነው እጁን ያሳረፈው። ማቀዝቀዣውን የገጠመው ሰው ነው።»

ሮይስ ቀና አላለም። ድምፁም አልተለወጠም።

«የት እሄድ ነበር? ፈርሞ ቢሞት ባንኩ ሊያስወጣኝ አይደል? ከመፈረሙ በፊት ይሁን አልኩ።»

«ይንገሩት» አለች ኮሪና ወደ ኦፓል ዞራ።

«አርብ ደውለው ብድሩን ትተውታል» አለች ኦፓል። «ወጪውን ሲያስቡት ‹ልጄን ሜዳ ላይ ከምጥለው ባለኝ እኖራለሁ› አሉኝ። ‹ሮይስ ሰሞኑን ፊቱ ጠቁሯል፤ እሑድ ምሳ ላይ ነግሬው ደስ ይበለው› ብለውኝ ነበር።»

 አንድ ፖሊስ የሮይስን ክንድ ሲይዝ እንደ ሕፃን ተከተለው።

ዳርላ ወንበሯ ላይ እንዳለች ቀረች።

«ዛሬ እሑድ ነው» አለች።