ለአምቡላንስ የተከፈተው በር

ኤልዉድ ስፐርሎክ የሞተው በራሱ ግቢ፣ ከቤቱ ደረጃ ሥር፣ ጀርባውን እንጨቱ ላይ አስደግፎ ነው። ፊቱና እጁ በተርብ ንድፊያ አብጠው ነበር። ዕለቱ የዋኔ ወፍ አደን የሚከፈትበት ቀን ስለሆነ ጉዝቤሪ ሸለቆ ከቀትር ጀምሮ በተኩስ ሲንጣጣ ዋለ። አንዱን ተኩስ ከሌላው የለየ ጆሮ አልነበረም።

መርማሪ ሎሪን ስቲድሃም በማግስቱ መጣች። ሚስቱ ሬባ የባሏን ኮፍያ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀቻት።

«ትምባሆ ሲቆርጥ የተርብ ጎጆ ረገጠ» አለች ሬባ። «ለድንገተኛ አደጋ ስደውል ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል፣ አምቡላንሱ ዞሮ ነው የሚመጣ፣ የንድፊያውን ማርከሻ መርፌ ግን በድሮን እንልካለን፣ በስድስት ደቂቃ ግቢሽ ይደርሳል አሉኝ። ሰማይ ሰማይ እያየሁ ሩብ ሰዓት ቆየሁ። ሲጨንቀኝ የግቢውን በር ለአምቡላንሱ ወለል አድርጌ ከፍቼ ጎረቤት ልጠራ ሮጥኩ።»

«ስትመለሺስ?»

«በሩ በሰንሰለት ተዘግቷል። እሱም አልቋል።» ኮፍያውን አገላበጠችው። «ሎሪን፣ ማንንም እሰሪ፣ ግድ የለኝም። ብቻውን ነው የሞተው? እሱን ብቻ ንገሪኝ። ትቼው ሄጃለሁ እኮ።»

ድሮኗ የሦስት ሰዎች መሬት የሚገናኝበት ጅረት ውስጥ ተገኘች። ክንፏን የአደን ጥይት በሳስቶታል። የኤልዉድ ስም የተጻፈበት የመድኃኒቱ ሳጥን በሰው እጅ ተከፍቷል፤ ባዶ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ከኤልዉድ አንገት በስተቀኝ፣ ከእብጠቱ መሀል፣ አንድ የመርፌ ቀዳዳ አገኘ።

«ያልደረሰ መርፌ እንዴት ይወጋል?» አለ ሐኪሙ።

«የወጋው ሰው ይነግረናል» አለች ሎሪን።

ሦስቱንም ባለመሬቶች ታውቃቸዋለች። ከወር በፊት፣ የማናውቀው ሰው ድሮን በየመኝታ ቤታችን መስኮት ሲያንዣብብ ከርሞ፣ እኛ የሸለቆው ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰብስበን ነበር። ከመሬታችን በላይ የመጣውን እንመታለን፣ ማን እንደመታ ማንም አይናገርም ብለን እጃችንን አነሳን። ሎሪን የመርማሪ መታወቂያዋን ደረቷ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆማ ኬክ እየበላች ነበር። ሕጉ ይከለክላል አላለችም።

መጀመሪያ ንብ አርቢዋ ቨርና ኮምብስ ጋ ሄደች።

«ከጣሪያዬ በላይ ያለው አየር የኔ ነው» አለች ቨርና።

«እስከ የት ድረስ?»

«እግዜር ተይ እስኪለኝ! ግን እኔ አልመታሁም። መድኃኒት መሆኑን ባውቅ ተሸክሜው እሮጥ ነበር። ይኸው፣ እኔም አንድ አለኝ።» መርፌዋን ከኪሷ አወጣች። «ሱሪ ሳይወልቅ ጭን ላይ ነው የሚወጋው። ንብ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።»

ሄርሼል ናፒየርን የወተት ላሞቹን ሲያክም አገኘችው።

«እኔ?» አለ። «ጋሽ ሄርሼል የጎተራ በር መምታት አይችልም ብለው አይደል የሚስቁብኝ? በራሪ ልመታ!» ይህን እያለ አንዷን ላም ዳሌዋ ላይ መርፌ ወጋት።

«ሁልጊዜ እዚያው ነው የሚወጉት?»

«አባቴም እዚያው ነበር። የወተት ላም ናት፤ መርፌው ሥጋዋን ቢያበላሸው ማን ይጠይቀኛል?»

ለሥጋ ከብት የሚያረባው ዶይል ካዉድ የኤልዉድ አብሮ አደግ ነው። የሣር ማሰሪያ ማሽን በጋራ ገዝተው ሃያ ዓመት ተጠቅመዋል። ለሎሪን ቀዝቃዛ ሻይ ቀዳላት፤ የራሱን አልነካም።

«ሰባት ዋኔ ነው የመታሁት» አለ። «ተኩስ ሰምቻለሁ። ማን ያልሰማ አለ?»

ሎሪን ከሦስቱም ግቢ ስትወጣ በሩን ሆን ብላ ክፍት ተወችው። በመኪናዋ መስተዋት እንዳየችው የቨርና በር እንደተከፈተ ቀረ። ሄርሼል እየተራገመ መጥቶ ዘጋው። ዶይል በካልሲው ብቻ ጭቃውን አቋርጦ ሰንሰለቱን አሰረ።

ከቀብሩ በኋላ በዚያው አዳራሽ ለምሳ ተሰበሰብን። የመጣው ሥጋና ባቄላ ሳይነካ ቀረ። ሎሪን ተነሳች።

«መጀመሪያ የኔን ልናገር። ያን ቀን እጃችሁን ስታነሱ ዝም አልኩ። አፌ ኬክ ስለያዘ አይደለም፤ ጎረቤቶቼን ማስቀየም ስላልፈለግኩ ነው። ድሮኗን የመታው ሰው ሳጥኑን ከፍቶ የኤልዉድን ስም አነበበ። አንብቦም ሮጠ። መርፌው ኤልዉድ ገላ ላይ አርፏልና።»

ሬባ ቀና አለች።

«ሲገባ በሩን በሰንሰለት አሰረ። ለአምቡላንስ የተከፈተን በር ለምን ይዘጋል? አስቦ አይደለም። ከብት ያለው ሰው በር ክፍት ትቶ አያልፍም። ቨርና ከብት የላትም።»

«ተመስገን» አለች ቨርና። ማንም አልሳቀም።

«ሳጥኑ ላይ ጭን ተስሏል። የደነገጠ ሰው ግን ሥዕል አያይም፤ እጁ የለመደውን ያደርጋል። የሄርሼል እጅ ዳሌ ነው የለመደው። አንገት ላይ የሚወጋ ግን ጥሩው ሥጋ እንዳይበላሽበት የሚጠነቀቅ የሥጋ ከብት አርቢ ነው።»

ወደ ዶይል ማንም አልዞረም። ነገር ግን ሳህኑን ሲያስቀምጥ ሁላችንም ሰማን።

«ሰላይ መስሎኝ ነው» አለ ዶይል። «ስሙን ሳነብ ኮረብታውን ወጣሁ። በስልሳ ዓመቴ እንዲያ እሮጣለሁ አላልኩም። ግን ዘገየሁ። ኋላም የሬባን ድምፅ ስሰማ በትምባሆው ውስጥ ሾልኬ ሸሸሁ።»

ሬባ ተነስታ ፊቱ ቆመች። «ስትደርስ ነፍስ ነበረው?»

«ነበረው።»

«አወቀህ?»

«አወቀኝ። ስወጋው 'መጣልኝ እንዴ?' አለ። መጣልህ አልኩት። እጄን ያዘኝ፤ እስኪያልፍ አለቀቀኝም። 'አመሰግናለሁ ዶይል' አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

ዶይል ኤልዉድ የያዘውን እጁን አየው።

«ምንም አይደል አልኩት።»

ሬባ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሎሪን ካቴናዋን አላወጣችም፤ በሩን ከፍታ ጠበቀችው፣ እሱም ወጣ። ሲያልፍ በልማዱ ሊዘጋው እጁን ሰደደና ተወው። እኛ ከወር በፊት በዚያ አዳራሽ እጃችንን ያነሳን ሰዎች ግን፣ እጃችንን የት እንደምናደርገው ጠፋን።