ከእማማ አስቴር በስተኋላ የቆመው

ስለ መንፈስ ሲወራ የምስቅ ሰው ነኝ፣ አሁንም ቢሆን ይህን ሌላ ሰው ቢነግረኝ «ሌንስህን ወልውል» ነው የምለው፣ ብቻ ስሙኝ። አርባ ምንጭ ሥራ ፍለጋ መጥቼ፣ ሲቀላ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ፎቶ እያነሳሁ የምኖር ብቸኛ ሴት ነኝ፣ ለዚህም ይሆናል የሰውን ፊት ብቻ አጥርቼ ኋላውን ሁሉ ማደብዘዝ የምወደው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኦቾሎ ወደምትባለው የተራራ መንደር ወጣሁ። እማማ አስቴር የሚባሉ ጥጥ ፈታይ ነበሩ፣ ሸማኔው ባላቸው ሥራ ፍለጋ ወጥተው ወሬያቸው ከጠፋ አራት ዓመት ሆኗል። ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አድርጌ አስቀመጥኳቸው፣ ከኋላቸው ቀጭን የእግር መንገድ፣ ከዚያ ወዲያ ታች ዓባያ ሐይቅ።

የመጀመሪያውን ፎቶ አንስቼ ሳይ፣ በደበዘዘው መንገድ ላይ ጋቢ የለበሰ ሰው የሚመስል ነጭ ነገር ቆሟል። ቀና ስል መንገዱ ባዶ ነው። ሌንሱን ወልውዬ ደገምኩ፣ ቀረብ ብሏል። እመኑኝ፣ በትር ድንጋይ ሲነካ የሰማሁት ያኔ ነው፣ ቋ፣ ዝም፣ ቋ። በሦስተኛው እማማን ትቼ መንገዱን አጠራሁ፣ የካቡ ድንጋይ አንድ በአንድ፣ የእንሰቱ ቅጠል ከነቀዳዳው ቁልጭ ብሎ ወጣ፣ እሱ ብቻ እንደደበዘዘ ነው።

«ምን አየሽ ልጄ?» አሉኝ፣ ዞር እንኳ ሳይሉ።

«ምንም እማማ፣ ፀሐይዋ ናት።»

«ጉልበቱን ያመዋል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው» አሉ። «እስኪደርስ ድረስ አንሺኝ።»

ካሜራውን አወረድኩ። «ባትሪው አለቀ» ብዬ ዋሸሁ።

«ይሁና» አሉ፣ አልተቆጡም፣ ይህ ነው እስካሁን የሚከነክነኝ።

በወሩ ፎቷቸውን አሳጥቤ ስመለስ በሩ ተዘግቷል። ጎረቤታቸውን እንሰት ስትፍቅ አገኘኋት።

«ባሏ መጥቶ ወሰዳት» አለችኝ። «ጎን ለጎን ሲወርዱ አይቼ ተጣራሁ፣ እጇን አወዛወዘችልኝ።»

«እሱ ራሱ ነው?»

መፋቋን አቆመች። «ፀሐይ አናት ላይ ነበረች፣ እሷን እስከ ቀለበቷ ለይቻታለሁ፣ የእሱን ፊት ግን...» አለችና ዓይኗን አሸት አሸት አድርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ፎቶው ክፍሌ ውስጥ በፖስታ ተቀምጧል፣ የምሰጠው ሰው ግን የለኝም።