ሳፋ ውስጥ የተዘፈዘፈው መጋረጃ ሲሳብ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የማልወድ ሰው ነኝ፣ መጀመሪያ ይሄን ያዙልኝ፣ ጅን መኖሩ ቁርአን ላይ አለና አምናለሁ፣ እሱን አልክድም፣ ግን ሥራ ፈትቶ ከቁስቋም በታች እኛ ግቢ ድረስ መጥቶ የሰው ዕቃ ያንኳኳል ሲሉኝ ሁልጊዜ እስቅ ነበር። ጎረቤታችን የነበሩ ሴትዮ ሌሊት ሌሊት ጣራዬ ላይ ሰው ይሄዳል ብለው ሲያወሩ፣ ድመት ነው ብዬ ፊት ለፊታቸው የተናገርኩ እኔ ነኝ፣ ተቀይመውኝም ነበር። አሁን እሳቸው ቢሰሙኝ ምን እንደሚሉኝ እንጃ። ብትፈልጉ እናንተም ሳቁብኝ፣ ግን እስክጨርስ ታገሱኝ።

ሰዓዳ እባላለሁ። ዊንጌት አካባቢ ከታላቅ ወንድሜ ከሁሴን ጋር የቤት ዕቃ እንሸጣለን፣ ባልዲ በሉ፣ ሳፋ በሉ፣ ምንጣፍ በሉ፣ የሻወር መጋረጃ በሉ፣ የሌለን ነገር የለም። ከባሌ ከተለያየሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ከዚያ ወዲህ እናቴ ቤት ነው የምኖረው፣ ቤቱ ውስጥ እሷና እኔ ብቻ ነን፣ ሁሴን ከነሚስቱ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው። እማ ሰባ አልፏታል፣ በልጅነቷ ከወሎ የመጣች ሴት ናት፣ ጉልበቷ ያስቸግራታል እንጂ ሌላው ነገሯ ሁሉ ከኔ ይሻላል።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁና እንቀጥል፣ ይሄ ካልገባችሁ የቀረው አይገባችሁም። የኛ ቤት ሻወሩና ሽንት ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ እና እማ ሽንት ቤት ውስጥ አታወራም። በኛ እምነት እዚያ ውስጥ ማውራት አይወደድም፣ አሁን አሁን ብዙ ሰው ችላ ይለዋል፣ እኔ ራሴ እዚያ ሆኜ ስልክ አነሳለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እሷ ግን ቤቱ ቢቃጠል እንኳን ከዚያ ውስጥ አትጣራም። ሐፍረቷ ደግሞ ሌላ ነው፣ የወለድኳት ልጅ ራቁቴን አታየኝም ባይ ናት። ስለዚህ መጋረጃውን ዘግታ ብቻዋን ትታጠባለች፣ ሲበቃት መጋረጃውን ሳብ ታደርገዋለች፣ ቀለበቶቹ ብረቱ ላይ ሽርርር ይላሉ፣ መሀል ላይ ብረቱ የተቀጠለበት ቦታ አለ፣ እዚያ ጋ ሲደርሱ ቀጭ ብለው ይያዙና እንደገና ሽርር። ያ ማለት ነይ ማለት ነው። እኔ ፎጣውን ይዤ እገባለሁ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እጄን እዘረጋለሁ፣ እሷ ፎጣውን ተጠቅልላ እጄን ይዛ የሻወሩን ደፍ ትሻገራለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን፣ አንድም ቀን ተሳስተን አናውቅም።

ስለ መጋረጃው ደግሞ እኔን ማንም አያስተምረኝም። ደንበኛ ሲገዛኝ ምክሩን በነፃ ነው የምጨምርለት፣ ታጥባችሁ ስትወጡ ሰብስባችሁ አትተዉት፣ ዘርጉትና ይድረቅ፣ በየሁለት ሳምንቱ አውርዳችሁ ለብ ባለ ውሃና በዱቄት ሳሙና እጠቡት፣ ሻጋታ ከያዘ ጠርዙን አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ በረኪና አታብዙበት ፕላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ስታሰጡትም ጥላ ላይ ይሁን፣ እላለሁ። የኛው ግን ከተሰቀለ አምስት ወር ሲሆነው አንድ ቀን አልወረደም፣ ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች አይደል የሚባለው። የታችኛው ጠርዙ ጠቁሮ፣ እንደ ተልባ ዝልግልግ ብሎ ወለሉ ላይ ይለጠፋል። እማ አንድ ሁለቴ ይቺ ነገር ታዳልጣለች ብላኛለች፣ እኔም ሐሙስ ውሃ ሲመጣ አጥበዋለሁ እላታለሁ፣ በኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ይመጣል፣ ውሃውም ይመጣል፣ እኔ በርሜሉን ሞልቼ እተኛለሁ።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ እማ ሻወር ገባች፣ እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር በስልክ ስለ ሰው ሠርግ እናወራለን፣ ሙሽራው በጥድፊያ ግራና ቀኙ የተለያየ ጫማ አድርጎ መምጣቱን ስትነግረኝ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። ከዚያ ግው የሚል ነገር ሰማሁ።

ስገባ እማ ወለሉ ላይ በጎኗ ወድቃለች፣ የመጋረጃው ጠርዝ ከተረከዟ ሥር ነው፣ ዝልግልጉ ላይ ተረከዟ ተንሸራቶ የሄደበት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያኔም አልጮኸችም፣ ጥርሷን ነክሳ አየችኝ ብቻ። ጋቢ አልብሼ ሁሴንን ጠራሁት፣ ተሸክመን ሆስፒታል አደረስናት፣ የዳሌ አጥንቷ ተሰብሯል፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል ተባልን።

የመረመረቻት ወጣት ሐኪም ናት፣ ረጋ ያለች፣ እንዴት እንደወደቀች ጠየቀቻት፣ ራስዎን አዞረዎት ወይስ አዳለጠዎት አለቻት። እማ ወደኔ አየችና «ራሴን አዞረኝ» አለች። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ዝም አልኩ።

ይሄ ዝምታዬ ምን እንዳመጣ ስሙ። ራሷን አዙሯት ከሆነ የልቧ ነገር በደንብ ሳይታይ ማደንዘዣ መስጠት ያሰጋል አለች ሐኪሟ፣ ስለዚህ መጀመሪያ የልብ ምርመራ፣ ለምርመራው ደግሞ ወረፋ አለ፣ ወረፋው እስኪደርስ እማ በጀርባዋ ትተኛለች። በዚህ ዕድሜ እንዲህ የተሰበረ ሰው ብዙ ቀን ሲተኛ ሳንባው ይታመማል፣ ደሙ ይረጋል፣ አንድ ቀን ባለፈ ቁጥር አደጋው ይጨምራል ብላ ሳትደብቅ ነገረችን። ይሄን ሁሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ሰኞ ዝም፣ ማክሰኞ ዝም፣ ረቡዕ ማታ እማ ማሳል ጀመረች፣ ያኔም ዝም። ሁሴን አንቺ እቤት ነበርሽ፣ እስቲ ምን ሆና ነው ሲለኝ፣ እንዳለችው ነው፣ ራሷን አዙሯት ነው አልኩት። ለምን ብትሉኝ አፈርኩ ነው መልሱ፣ ሌላ የለውም። ቀኑን ሙሉ ለሰው መጋረጃ እንዴት እንደሚታጠብ የምታስተምር ሴት፣ እናቷን በመጋረጃ ሰበረች መባልን ፈራሁ፣ እናቴን ከማጣት በላይ ፈራሁት ማለት ነው እንግዲህ፣ ሲነገር እንዴት ይከብዳል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልብሷን ላምጣ ብዬ ከሆስፒታል ወጣሁ። ውሸቴን ነው። የሁሴን ሚስት ቤታችሁን ላጽዳላችሁ እያለች ነበር፣ ደግ ሴት ናት፣ እሷ ሄዳ ሳታየው መጋረጃውን ላጥበው ነው የተጣደፍኩት።

ቤት ስገባ ቧንቧው ያጉረመርማል፣ ውሃ መጥቷል። መጋረጃውን አወረድኩ፣ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ አውልቄ ጣሳ ውስጥ ከተትኳቸው፣ አሥራ ሁለት ናቸው፣ ሁሉንም ይዤ ግቢ ወጣሁ። ትልቁ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃና የዱቄት ሳሙና አድርጌ፣ ጠርዙ ላይ አቼቶ አፍስሼ ዘፈዘፍኩት። ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፣ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፣ ልጆች ውጪ ይጫወታሉ፣ የሚያስፈራ ነገር ምንም የለም፣ እመኑኝ። በብሩሽ ጠርዙን መፈተግ ጀመርኩ፣ የተረከዟ መስመር እዚያው አለ፣ እሱንም ፈተግኩት። ጥቁሩ ውሃ ወደ ቦዩ ሲወርድ፣ በቃ አሁን ማንም አያውቅም ብዬ አሰብኩ። ይቺን ሐሳቤን እስከ ዛሬ እጠላታለሁ።

ያኔ ነው ከቤት ውስጥ ሽርርር የሚል የሰማሁት።

መጀመሪያ ቦታ አልሰጠሁትም፣ የጎረቤት ነው ብዬ ፍተጋዬን ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና፣ ሽርርር፣ ቀጭ፣ ሽርር። ብሩሹን አስቀመጥኩ። ያቺን ቀጭ የምትለዋን አውቃታለሁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሰማት የኖርኩ ነኝ፣ ሌላ ብረት እንደዚያ አይልም። ጣሳውን አየሁ፣ ቀለበቶቹ አሉ፣ አፍስሼ ቆጠርኳቸው፣ አሥራ ሁለት። መጋረጃው ሳፋው ውስጥ ነው፣ እጄ እሱ ላይ ነው። ሰው ገብቶ ይሆናል ብዬ መጥረጊያ ይዤ ገባሁ፣ ጀግንነቴን እዩልኝ እንግዲህ፣ ሌባ በመጥረጊያ። ሻወር ቤቱ ባዶ ነው፣ ወለሉ ደረቅ ነው፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ብረቱ ባዶውን ተጋድሟል። አይጥ ነው ልል ፈለግኩ፣ ግን አይጥ ምኑን ይስባል?

ልወጣ ዞሬ አንድ እግሬን ሳነሳ፣ ከኋላዬ፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው ቦታ ላይ፣ ሽርርር አለ። ቀስ ብሎ ነው፣ እማ እንደምትስበው፣ የማይቸኩል። ቀጭ። ዞርኩ። ብረቱ ላይ ምንም የለም፣ ዓይኔ እያየው ምንም የለም፣ ድምፁ ግን ገና አላለቀም ነበር፣ ሽርር ብሎ ባዶው ብረት ላይ ዳር ድረስ ሄዶ ቆመ። ወላሂ እላችኋለሁ፣ እንኳን ልጮህ ቢስሚላህ ማለት አቃተኝ። ከዚያ ያደረግኩት ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል፣ አልሮጥኩም፣ እንደ ልማዴ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና እጄን ዘረጋሁ። «መጣሁ እማ» አልኩ። እጄን እንደዘረጋሁ የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ድረስ ቆምኩ። ማንም አልያዘውም።

መጋረጃውን ሳፋው ውስጥ ጥዬ፣ እጅጌዬ እንደረጠበ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ሰውዬው አልፏል ማለት ነው ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንኩት፣ ያ ረብ ድረስላት፣ አፌን እከፍታለሁ፣ እያልኩ። አልሞተችም፣ ተኝታ ታስላለች፣ ሁሴን አጠገቧ ነው። ሐኪሟን ፈልጌ አመጣኋትና እዚያው አልጋዋ ሥር፣ ሁሴን እየሰማ፣ «ራሷን አላዞራትም፣ መጋረጃው ነው ያዳለጣት፣ አምስት ወር ሳላጥበው ቆይቼ ነው» አልኳት። ሐኪሟ አልተቆጣችኝም፣ ወደ እማ ዞራ ጠየቀቻት። እማ ጣሪያውን እያየች እውነቷን ነው አለች። ለምን እንደዋሸች ማንም አልጠየቃትም፣ ሁላችንም ገብቶናል። ሐኪሞቹ ተመካክረው፣ እዚያው አልጋዋ ላይ የልብ ምቷን አይተው፣ ቅዳሜ ኦፕራሲዮን ተደረገች፣ አልሀምዱሊላህ ዳነች። ሁሴን ለሁለት ሳምንት ከሰላምታ በቀር አላናገረኝም፣ አልፈረድኩበትም።

ድምፁን ለሁሴን የነገርኩት ከታረቅን በኋላ ነው። አራት ቀን ሳይተኛ የሰነበተ ሰው ብዙ ነገር ይሰማል፣ ደግሞም ጥፋት ያለበት ጆሮ አያርፍም አለኝ። ይሆናል። አክስቴ ደግሞ ጅን ነው ብላ ሼኽ ጠርታ ቁርአን አስቀራችልኝ፣ እሱም ይሁን። እኔ ግን በሆዴ የራሴን ፍቺ ይዤ ነበር፣ ያን እሑድ እማ መጋረጃውን ስባ ጠርታኝ፣ እኔ በስልክ ስስቅ ሳልሰማት ቀርቼ፣ ያ ያልሰማሁት ጥሪ አራት ቀን ዘግይቶ ደረሰኝ ብዬ ነበር የማምነው። እንዴት ይሆናል አትበሉኝ፣ አላውቅም፣ ግን ያሳዝናል እንጂ አያስፈራም፣ ከሱ ጋር መኖር ይቻላል።

ባለፈው ወር እማ ታጥባ፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ፀጉሯን ሳበጥርላት ላነሳባት ፈለግኩ። ሦስቴ ጀምሬ ተውኩት፣ በመጨረሻ፣ እማ ያን ቀን መጋረጃውን ስትስቢ አልሰማሁሽም፣ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። ዞራ አየችኝ፣ ያልገባት ትመስላለች።

«አልሳብኩትም» አለችኝ።

ጠርተሽኛል እንጂ፣ ስልክ ላይ ስለነበርኩ ነው ያልሰማሁሽ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

«ይዤው ነበር። ልስበው ስል ሳቅሽን ሰማሁ። እዚህ ቤት ከተመለስሽ ጀምሮ እንደዚያ ስትስቂ ሰምቼሽ አላውቅም። ትሳቅ፣ ትጨርስ፣ ብቻዬን እወጣለሁ ብዬ ተውኩት።»

ማበጠሪያውን ይዤ ቀረሁ። ቀጥዪ እንጂ አለችኝ፣ ቀጠልኩ፣ ፊቴን እንዳታየኝ ከኋላዋ ሆኜ አለቀስኩ።

እንግዲህ ንገሩኝ፣ እኔ የሰማሁት ምንድን ነው? የሳበው ሰው ቢኖር ዘግይቶ ደረሰኝ እል ነበር፣ የሳበው የለም፣ እሷ ትታዋለች። ብረቱን ሁሴን ራሱ ቀይሮታል፣ ቅጥል የሌለው አዲስ ብረት ነው፣ መጋረጃውም አዲስ ነው፣ በየሁለት ሐሙሱ አወርደዋለሁ፣ ጆሮዬን ቤት ውስጥ ትቼ ግቢ ቁጭ ብዬ እፈትገዋለሁ፣ እስካሁን ምንም አልሰማሁም። እማ ሻወር ስትገባ ስልኬን አጥፍቼ በርጩማ ይዤ በሩ ላይ እቀመጣለሁ፣ ከመግባቷ በፊት ሂጂ ሥራሽን ሥሪ ትለኛለች፣ እሺ እላታለሁ፣ አልሄድም። ያን ሐሙስ የጠራኝ ነገር ዳግመኛ ይጥራኝ አይጥራኝ አላውቅም፣ እሷ ግን እንደማትጠራኝ አውቃለሁ።