ጎን ለጎን የቆሙ ፈረሶች

ባላምባራስ ወልደአረጋይ የሰንጠረዥ ገበታቸው ፊት እንደተቀመጡ፣ ጋቢያቸው አፍና አፍንጫቸው ላይ ተጠምጥሞ ሞተው ተገኙ። ሰው መግደሉንስ ሰው ያውቅበታል። የአንኮበርን ሰው እንቅልፍ የነሱት የጨዋታው ጠጠሮች ናቸው።

ወንድማቸው ገብረአብ ከሞተ ወዲህ ባላምባራስ አመሻሽ ላይ ገበታውን ይዘረጋሉ። ነጩን ራሳቸው ይዘው ጥቁሩን ለሟች ይተዉለታል፤ ጥቁሩን አይነኩም፣ አያስነኩም። በዚያ ጠዋት ግን ጥቁሩ ከመነሻው ተንቀሳቅሶ ተሰልፎ ቆሞ ነበር።

መርማሪው ሻምበል ብርሃነ መስቀል ከደብረ ብርሃን ሲደርስ ጉሙ ደጃፉን ሞልቶታል። የገብረአብ ሚስት አልታየች ከውጭ ቆማ አልገባም አለች።

«ይህ የባሌ እጅ ነው። ሁለቱን ፈረሶች ከንጉሡ ፊት ጎን ለጎን የሚያቆም እሱ ብቻ ነበር።»

«ባለቤትዎ ይህን ለማን አሳይተው ያውቃሉ?»

«ከወንድሙ በቀር ከማንም ጋር አይጫወትም ነበር። ሊሞት ሰሞን አረርቲ ከርሟል፤ የዚያን አላውቅም።»

«ፈርተዋል?»

«እፈራለሁ እንጂ። ግን መጥቶም ከሆነ፣ እሰየው ነው።»

እዚያው አጠገብ ጎረቤላ ከተማ ደግሞ መምህር ዘርአ ዳዊት ገደለ ተብሎ ታስሯል። ነገ ወደ ደብረ ብርሃን ሊወስዱት ነው፤ ገመዱ እንደሚጠብቀው ያልተናገረ የለም። ጥፋቱ አፉ ነው። እሱ በሚጫወትበት በደብረ ብርሃን የቼዝ ውድድር አከፋፈቱ በየዓመቱ እንደ ቀሚስ ፋሽን ይለዋወጣል፤ አምና ሁሉም ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር፣ መደቁን፣ ሁለት ቤት ሲገፋ፣ ዘንድሮ ያን የሚገፋ ይሳቅበታል። የባላምባራስ ሰንጠረዥ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፤ ሁለቱም እንዳሻቸው ያሰልፋሉ፣ ወረራ ይሉታል። ዘርአ ዳዊት ታዲያ በገበያ መሀል «ወረራዎ ከእርስዎ ጋር ይቀበራል» ብሏቸው ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሻምበሉ እስር ቤት ገበታ ዘረጋለት።

«በል ወረራ አሰልፍ።»

መምህሩ አንድ መደቅ ገፋና እጁን አጣጥፎ ቁጭ አለ። ሻምበሉም ጠጠር ሳይነካ ጠበቀው።

«ምነው ሻምበል፣ ተራው የእርስዎ እኮ ነው።»

ሻምበሉ ተነስቶ ወጣ። እስረኛውን የሚወስዱትንም እስከ ሰኞ አስቆማቸው።

ቅዳሜ ያንን ሰልፍ የሚያውቅ ፍለጋ ደብረ ብርሃን ሄዶ በውድድሩ ከተመልካች ጋር ተቀላቅሎ ዋለ። ገብረጻድቅ የሚባል የአረርቲ እህል ነጋዴ ማንም ያላየውን አከፋፈት ይዞ መጣ። መደቆቹን አንድ አንድ ቤት ገፍቶ፣ ሁለቱን ፈረሶች ከንጉሡ ፊት ጎን ለጎን አቁሞ ሁሉንም ረታ። አዳራሹ አጨበጨበለት።

«ከራሴ ያፈለቅሁት ነው» አለ ደረቱን ነፍቶ። «አንኮበር? እግሬም ደርሶ አያውቅ።»

ሰኞ ሻምበሉ ዘርአ ዳዊትን ከእስር ቤት፣ ገብረጻድቅንም ከደብረ ብርሃን አስጠርቶ ሁሉም በባላምባራስ ቤት ተሰበሰቡ። አልታየች ከደጃፉ አላለፈችም።

«ነጩን እዩት» አለ ሻምበሉ። «ባላምባራስ ሁለት መደቅ አንስተው አቁመዋል፤ ጥቁሩ ግን ሰልፉን ጨርሷል። ዘርአ ዳዊት ተራውን የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ይህ ግን ወረራ የለመደ እጅ ነው። ደግሞስ እሳቸውን የሚያህል ተጫዋች በወረራ መሀል ለምን እጃቸውን ሰበሰቡ? የሞተ ወንድማቸው ሰልፍ ዓይናቸው እያየ ሲተከል ጊዜ ነዋ። ያንኑ ሰልፍ እኔ ቅዳሜ አየሁት።»

ገብረጻድቅ ሳቀ። «ሁለት ሰው አንድ ነገር ማሰቡ ወንጀል ሆነ? ይህን ቤት ዛሬ ነው ያየሁት።»

«እውነትዎን ነው። የእርስዎም ይሻላል። የዚህኛው አንዱ ፈረስ ዳር ወጥቶ ቆሟል፤ ይህንን ጀማሪም ይረታዋል።»

ሰውየው ፊቱ ተለዋወጠ። የሚኮራበትን ነክተውበታላ።

«ጀማሪ? ዳር ማን አወጣው? ይህንን ፈረስ እኔ ከንጉሡ ፊት ነው ያቆምኩት!»

ሻምበሉ ወደ ገበታው ጠጋ አለ።

«ዳር ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ዛሬ ጠዋት» አለ ሻምበሉ ቀስ ብሎ። «ሰልፉን ገብረአብ አረርቲ ሲከርሙ ነው ያስተማሩዎት?»

ገብረጻድቅ መሬት መሬት እያየ ተናዘዘ። «ከውድድሩ በፊት ልሞክረው ብዬ ነበር የመጣሁት። ሳላስፈቅድ ጥቁሩን ማሰለፍ ስጀምር ሽማግሌው ጠጠር ማንሳት ተዉና ‹ይህ የወንድሜ እጅ ነው› አሉኝ፤ አለቀሱ። ደብረ ብርሃን መጥቼ የማን እንደሆነ እናገራለሁ አሉ። የኔ ነው እያልኩ ስፎክር ከርሜ ምን ላድርግ?»

ይዘውት ወጡ። ዘርአ ዳዊትን ፈቱት። አልታየች ባላምባራስ ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤቱ ገብታ ባሏ ይቀመጥበት በነበረው በጥቁሩ በኩል ተቀመጠች።

«እኔ እኮ መጣ ብዬ ነበር» አለች እንባዋ እየወረደ።

መምህሩ ፈረሱን ወደ ቦታው መለሰና በነጩ በኩል ተቀመጠ። አንድ መደቅ ገፋ፤ እጁን አጣጥፎ ያያት ጀመር።

«ምን ትጠብቃለህ ልጄ?» አለችው። «እዚህ ቤት ተራ የለም። ሌላ አንሳ።»