በአባባ ቡሉኮ ሥር

ይህ የሆነ ነገር ነው። ለማሳመን ግን ጉልበት የለኝም... ያላመነ ይለፈው።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነበር፣ ጠራራ ፀሐይ። ቦታው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ እዚሁ ቤታችን።

ወንድሜ ሀብተሚካኤል የባጃጅ ሹፌር ነበር። ለምሳ ሲመጣ ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ ክላክስ ይነፋል። ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረጅም። "አርሴማ፣ ምሳ አቅርቢ" ማለቱ ነው።

አንድ ቀን ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ሲቀላ ሲወርድ ተገለበጠ። ጭንቅላቱን ተመታ። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን አልገለጠም። ሐኪሞቹ ሁለት ወር አይተውት "ቤት ወስዳችሁ አስታሙት" አሉን። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶናል።

አምስት ወር አስታመምኩት። ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ በቱቦ ሾርባ መስጠት... ከዚያ እንደገና ማገላበጥ። ቆሜ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። እውነቱን ልንገራችሁና፣ አንዳንድ ቀን "በቃ፣ ይረፍ" ብያለሁ።

ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሀብቴ እውስጡ አለ ወይስ የለም?

ሕዝቅኤል የመጣው በዚህ መሀል ነው። ፊዚክስ ተመርቆ ሥራ ያጣ የሰፈራችን ልጅ ነው። ስለ ሳይንስና ስለ መንፈስ እድገት ወጣቶችን ሰብስቦ ያስተምራል።

"ንቃተ ህሊና ጭንቅላት ውስጥ አይደለም የሚኖረው" አለኝ። "ጭንቅላት ተቀባይ ነው፣ እንደ ሬዲዮ። የሀብቴ ሬዲዮ ወድቆ ጣቢያው ጠፍቶበታል። አንቺ ትመልሺለታለሽ።"

"እንዴት አድርጌ?"

"በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጠገቡ ተቀመጪ። ትንፋሽሽን ከትንፋሹ ጋር አስተካክዪ። እሱን ብቻ አስቢ። ሃያ አንድ ቀን።" ሊሄድ ተነሳና... "ሌላ ሰው እንዳታስቢ።"

"ባስብስ?"

"አላውቅም።"

አዋቂ ነኝ የሚል ሰው አላውቅም ሲል ደስ ይለኛል። ያን ቀን ግን ደስ አላለኝም።

ግንባር ላይ የሚታሰር መሣሪያ አዋሰኝ። የአንጎሉን ሞገድ ስልኬ ላይ በመስመር ያሳያል። የሀብቴ መስመር እንደራሱ የተኛ ነበር።

ሃያ ቀን ተቀመጥኩ። ምንም የለም።

በሃያ አንደኛው ቀን እማዬ እጁን ነካ አደረገችና "ልጄ በረዶ ሆኗል እኮ" አለች። በዚያ ሙቀት... ከሳጥን ቡሉኮ አውጥታ አለበሰችው።

የአባባ ቡሉኮ ነበር።

አባቴ ኤርጫፎ አባያ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምድ ነበር። የዛሬ ስምንት ዓመት ጀልባው ባዶዋን ዳር ላይ ተገኘች። አስከሬን ስላልነበረ ቡሉኮውን ባዶ አልጋ ላይ ዘርግተን ነው ያለቀስነው። ከዚያ በኋላ ማንም ለብሶት አያውቅም።

"እማዬ፣ ሌላ ልብስ የለም?"

"ምን አለበት? የአባቱ ነው።"

ለመከራከርም ደክሞኝ ነበር። ተውኩት።

ተቀመጥኩ። ሀብቴ... ሀብቴ... ሀብቴ...

ቡሉኮው ሐይቅ ሐይቅ ይሸታል። የቆሮሶ ዓሣ፣ የእርጥብ መረብ ሽታ። ዓይኔ ከበደኝ። አባባ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ መረብ ሲጠግን ታየኝ። ለአፍታ ነው፣ ምናልባት ለአምስት ትንፋሽ ያህል።

"አባባ" ያልኩ ይመስለኛል።

ስባንን ስልኬ ላይ ያለው መስመር እንደ ጤነኛ ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል።

ሀብቴ ዓይኑን ገልጦ እያየኝ ነው።

እማዬ እልል አለች። ጎረቤት ተሰበሰበ። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ከደስታና ከድካም።

ጣቶቹን ያየሁት በነጋታው ነው።

የቡሉኮውን ጫፍ ይዞ... ጠምዘዝ፣ ሳብ፣ ቋጠር። ጠምዘዝ፣ ሳብ፣ ቋጠር።

ሀብቴ በሕይወቱ መረብ ነክቶ አያውቅም። የዓሣ ሽታ እንኳ ያስመልሰው ነበር።

"ሀብቴ?" አልኩ በሹክሹክታ።

ዞር አላለም።

"ባጃጅህን እኮ ሸጥናት" አልኩት ሆን ብዬ። ከነፍሱ አስበልጦ ነበር የሚወዳት።

ፈገግ አለ። ስለ ምን እንደማወራ አልገባውም።

ከዚያ በጎርናና ድምፅ...

"አድገሻል" አለኝ።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። ጓዳ ገብታ ስትወጣ ስምንት ዓመት የለበሰችውን ጥቁር አውልቃ ነጭ ለብሳለች።

"እማዬ... ሀብቴስ?"

"ዝም በይ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ዝም በይ፣ ደክሞታል።"

ለሕዝቅኤል ነገርኩት። መሬት መሬቱን እያየ "አንድ ሬዲዮ ሁለት ጣቢያ አይዝም" አለ። መሣሪያውንም መልሺ አላለኝም።

ይኸው አራት ወር ሆነ። እማዬ ታጎርሰዋለች፣ ይሳሳቃሉ። እኔ ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ጀልባዋ ወደተገኘችበት የአባያ ዳርቻ በእግሬ እወርዳለሁ። ባጃጅ የማይገባበት ቦታ ነው፣ ሸምበቆና ጭቃ ብቻ። ተቀምጬ ወንድሜን ብቻ አስባለሁ። አሁን አላንቀላፋም።

ትናንት ከውሃው መሀል ክላክስ ተነፋ።

ሁለቴ አጭር... አንዴ ረጅም።

ዛሬ ምሳ ቋጥሬ ሄድኩ። ሳህኑን ጭቃው ላይ አስቀምጬ፣ ማየቱን ስለፈራሁ ፊቴን አዞርኩ።

ዞሬ ስመለከት ሳህኑ ባዶ ነው። አጠገቡ ሦስት የጎማ ዱካ ከውሃው ወጥቶ ወደ ውሃው ይመለሳል።