እሳት ያልነካው ቃጠሎ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በእጄ የነካሁትን ነው የማወራችሁ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የቆዳ ሐኪም ነኝ። ምርመራ ክፍሌን ፀሐይ ሞልቶታል።

አንድ ወጣት ቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ከሚስቱ ጋር ገባ። ጭኑ ተቃጥሏል... ልክ የሱሪው ኪስ በሚያርፍበት ቦታ።

"እሳት ነው?"

"ኧረ ዶክተር፣ እሳት አልነካኝም።"

"አሲድስ?"

"ምንም።"

መጀመሪያ አስመለሰው። የበላሁት ነው ብሎ ናቀው። ሰንበት ብሎ ጭኑ ቀላ፣ ከዚያ ውሃ ቋጠረ።

ይህን እያወራ ራሱን አከከ። ፀጉሩ በጣቶቹ መሃል ቀረ።

ክው አልኩ። እንዲህ ያለ ቃጠሎ የጨረር መሆኑን ተምሬያለሁ... አይቼው ግን አላውቅም።

"ኪስህ ውስጥ ምን ነበር?" አልኩት ቀስ ብዬ።

"የሱ ኪስ እኮ ጓዳ ነው" አለች ሚስቱ።

ብረት ለዪዎች ልማድ አላቸው። ማግኔት የማይስበው ብረት ዋጋው ደህና ስለሆነ ለብቻው ያስቀምጡታል። እሱም ጣት የምታህል የምታብረቀርቅ ብረት አግኝቶ፣ በኪሱ ይዟት ሰንብቷል።

"አሁን የት ናት?"

"ለልጃችን መጫወቻ ትሁን ብዬ አልጋዋ ላይ አኖርኩላት" አለች ሚስቱ።

"ልጅቷስ?"

"አያቷ ጋ ከርማለች።"

"መቼ ነው የምትመለሰው?"

"...አሁን።"

ስልኩን አንስቼ ደወልኩ። የጨረር መከላከያ ሠራተኞች ሲደርሱ አያትየው ቁልፉን የባልና ሚስቱ ቤት በር ላይ ሰክተው ነበር። ልጅቷ እግራቸው ሥር ቆማለች።

ተረፈች። መንደሩን አስለቅቀው ብረቷን በእርሳስ ሣጥን ወሰዷት።

አባትየው ግን ሆስፒታል ተኛ።

ነርሷ በር ላይ ቆማ "ይጋባል እንዴ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"የምታቃጥለው ብረቷ ናት። እሱ ማንንም አያቃጥልም" አልኳት። እርግጠኛ ነበርኩ።

እሱ የሚለምነኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ዶክተር... ልጄን አንዴ ልቀፋት።"

"ደምህ ተዳክሟል። የሕፃን ጉንፋን እንኳ ይገድልሃል። ትንሽ ታገስ።"

ታገሰ። ሳያቅፋት ሞተ። እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላኛል።

ከቀብሩ በኋላ እናትየው ልጅቷን ይዛት መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ትናንት ሳጥባት ምንም አልነበረም..." አለችኝ።

የልጅቷን ሸሚዝ ገለጥኩ።

ጀርባዋ ላይ ቀይ ቃጠሎ አለ። ሰፊ መዳፍ... ከነአምስት ጣቶቹ።

እንዲህ ያለ ቃጠሎ በአንድ ሌሊት አይወጣም። ልጅቷም ብረቷን በዓይኗ እንኳ አላየችም።

"ያምሻል?"

ራሷን ግራ ቀኝ ነቀነቀች። "ሞቀኝ እንጂ አላመመኝም።"

መዳፌን ቀስ አድርጌ ቅርጹ ላይ አሳረፍኩ።

የኔ እጅ አነሰ። ከሥሩ ያለው መዳፍ ደግሞ ቀስ እያለ... እንደሚያቅፍ አባት ልጅቷን ወደ ራሱ ሳብ አደረጋት።